በዱረስ ወደብ የሚገባው ቆዳና የሚወጣው ጫማ

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊቱን ከኢጣሊያዋ የባሪ ከተማ ተነሥቶ የአድሪያቲክን ባሕር ሲያቋርጥ ያደረው መርከብ በአልባኒያ የዱረስ ወደብ ቆሞ የኋላ በሩን ዘርግቷል። ካሚዮኖች ከሆዱ አንድ በአንድ እየወጡ ወደ ጉምሩኩ ግቢ ያመራሉ። እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነችው አስተርጓሚዬ ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እመለከታለሁ። «እነዚህ ካሚዮኖች የጫኑት ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃት «ጫማ» አለችኝ። ቀጥላም ፈገግ አለችና «ገና ያልተሰፋ ጫማ» ስትል አረመችው።

በእርግጥም ካሚዮኖቹ ከጫኑት መካከል በልክ የተቆረጠ ቆዳ፣ ክር፣ ገበር፣ ማጣበቂያ፣ አንዳንዴም ያለቀው ጫማ የሚታሸግበት ባዶ ካርቶን ሳይቀር ይገኝበታል። ይህ ሁሉ በዱረስ፣ በቲራና፣ በሽኮድራና በሌሎች ከተሞች ወደሚገኙት ፋብሪካዎች ይሄድና በሴቶች እጅ ይሰፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚሁ ወደብ በኩል ወደ መጣበት አገር ይመለሳል። አልባኒያውያን ይህን አሠራር «ፋሶን» ይሉታል። ጥሬ ዕቃው የባዕድ ነው፤ ገበያው የባዕድ ነው፤ የአገሬው ድርሻ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ስለ አንዲት ትንሽ የአውሮፓ አገር የውጭ ንግድ ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መልሱ አጭር ነው። የዚህች አገር የውጭ ንግድ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በአመዛኙ የቆመው በሴቶች ጣት ላይ ነው።

አልባኒያ በባልካን ልሳነ ምድር በምዕራብ በኩል የምትገኝ፣ 28,748 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ ከቀድሞዎቹ ክፍላተ ሀገሮቻችን ከአብዛኞቹ ያነሰች ተራራማ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ 2.4 ሚልዮን ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ነዋሪ ያነሰ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በስተ ሰሜን ሞንቴኔግሮና ኮሶቮ፣ በስተ ምሥራቅ ሰሜን መቄዶንያ፣ በስተ ደቡብ ግሪክ ያዋስኗታል። በምዕራብ ግን ባሕር ነው። በጠባቡ የኦትራንቶ ወሽመጥ በኩል ከኢጣሊያ የሚለያት ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የአገሪቱን የኑሮ ታሪክ ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ርቀት ማሰብ ያሻል።

ከዱረስ ወደ ዋና ከተማዪቱ ወደ ቲራና በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ በግራና በቀኝ የተሰቀሉትን ሰሌዳዎች ለማንበብ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ጎማ የሚጠገንበት ቤት «ጎሚስተሪ» ይላል። መኪና የሚታጠብበት «ላቫዥ» ይላል። ቡና ቤት ገብተን አስተናጋጁ «ማኪያቶ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጎሚስታና ላቫጆ ሲል የኖረ የአዲስ አበባ ሰው አገሩን የለቀቀ አይመስለውም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረች ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ማለትም በሚያዝያ 1939 አልባኒያንም በጦር ያዘች። ከዚያ በኋላ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ የኢጣሊያና የአልባኒያ ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እየተባለ ይጠራ ነበር። በአንድ የማዕረግ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን የተጻፍን ሁለት አገሮች መሆናችንን ለአስተርጓሚዬ ብነግራት አላወቀችም ነበር። እኔም ብሆን ከጉዞዬ በፊት ብዙ አላሰብኩበትም።

በማግሥቱ በዱረስ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ የጫማ ፋብሪካ ሄድን። ሥራ አስኪያጁ የፋብሪካው ስም እንዳይጠቀስና ፎቶግራፍ እንዳይነሣ ካስጠነቀቁን በኋላ አስገቡን። አዳራሹ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ የተሠራ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። የማጣበቂያው ሽታ ገና ከበሩ ላይ ይቀበላል። በረድፍ የተደረደሩት መኪናዎች ፊት የተቀመጡት ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። አንዷ የጫማውን የላይኛውን ክፍል ሁለት ቁራጭ ታጋጥማለች፤ ቀጣይዋ ትሰፋዋለች፤ ሦስተኛዋ የተረፈውን ክር በመቀስ ትቆርጣለች፤ አራተኛዋ በመዶሻ ታስተኛዋለች። ወንዶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ መኪና ጠጋኝ፣ ሌላው ዕቃ ጫኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራው ጫማ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ጫማ አይደለም። የላይኛው ክፍል ብቻ ተሰፍቶ ይሄዳል፤ ሶሉ ኢጣሊያ ውስጥ ይገጠምለታል፤ የኢጣሊያ ሥራ መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍም እዚያው ይለጠፍበታል። በአንዳንድ ፋብሪካዎች ደግሞ ጫማው ሙሉ በሙሉ አልቆ በሣጥኑ ተከቶ ይላካል።

በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ የተቀመጡ አንዲት ሴት አተኩረው ሲያዩኝ ነበር። ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁኝ እኔም ሰፊዋ እያልኩ እቀጥላለሁ። የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ከደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጧት ከዳቦ ቤት የገዙትን ቢሬክ አካፈሉን። ቢሬክ እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ በላይ በላዩ ተነባብሮ፣ በመሐሉ አይብ ወይም ቆስጣ መሳይ ቅጠል ተደርጎበት በምድጃ የሚጋገር ነው። የሚያወራርዱት «ዳላ» በሚሉት፣ ከእርጎ በውኃና በጨው በሚበጠበጥ መጠጥ ነው። ብቀምሰው ከኛ አሬራ ብዙም አይርቅም።

ሰፊዋ መርፌ የያዙት በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ በመንግሥት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። ያ ዘመን ምን ዓይነት እንደ ነበር ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ከ1944 እስከ 1985 አልባኒያን ይመሩ የነበሩት ኤንቬር ሆጃ አገሪቱን ከውጭው ዓለም በር ዘግተው ያኖሯት ሰው ነበሩ። በሩ ግን በአንድ ጊዜ የተዘጋ አይደለም። መጀመሪያ የቅርብ ወዳጅ የነበረችው ዩጎዝላቪያ ስትሆን በ1948 ተጣሏት። ቀጥሎ ሶቪየት ኅብረት መጣች፤ በ1961 ከእርስዋም ጋር ተቆራረጡ። ከዚያ ቻይና መጣች፤ በ1978 እርስዋም እርዳታዋን አቆመች። ይህ ሁሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ስም ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር። የቲራናው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሶቪየት እርዳታ ተሠርቶ «ስታሊን» ተባለ፤ በቤራት ከተማ በቻይና እርዳታ የተሠራው ደግሞ «ማኦ ጼ ቱንግ» ተባለ። በሁለቱም የሚሠሩት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ፋብሪካዎቹ የሉም፤ የቲራናው ሰፈር ግን እስካሁን «ኮምቢናት» እየተባለ ይጠራል።

በ1976 የወጣው ሕገ መንግሥት ከውጭ አገር ብድር መውሰድንና የውጭ ኩባንያ ማስገባትን በግልጽ ከለከለ። አገሪቱ ካላት ክሮም፣ ነዳጅ ዘይትና መዳብ ሸጣ በሸጠችው ልክ ብቻ እንድትገዛ ተወሰነ። ክሮም የማይዝግ ብረት ለመሥራት የሚያስፈልግ ማዕድን ነው፤ በ1980ዎቹ አልባኒያ በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አምራቾች አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ መለዋወጫ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ እያነሰ ሲሄድ የፋብሪካው መኪና ሁሉ እያረጀ ሄደ። በአንጻሩ በየሜዳውና በየኮረብታው የሲሚንቶ ምሽግ ይሠራ ነበር። ቁጥሩ ከ170,000 በላይ ነበር ይባላል። ዛሬ ከፊሉ የበግ ማደሪያ ሆኗል፤ በባሕሩ ዳርቻ ያለው ደግሞ ቀለም ተቀብቶ ቱሪስት ፎቶግራፍ ይነሣበታል።

«ዳቦ ነበረን፤ ሥራ ነበረን፤ የልጆች ማቆያ ነበረን» አሉኝ ሰፊዋ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ቡና ግን በወር የምትለካ ነበረች» ሲሉ ጨመሩበት። የኢጣሊያን ቴሌቪዥን በድብቅ አንቴና ያዩ እንደ ነበርና ኢጣሊያንኛውንም የተማሩት ከዚያ እንደሆነ ነገሩኝ። በዚያ መስኮት ያዩት የሱቅ ብዛት እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የቸኮለው ሕዝብ በነሐሴ 1991 «ቭሎራ» በምትባለው የጭነት መርከብ ላይ ተሳፈረ። ከኩባ ስኳር ጭና ዱረስ የደረሰችው መርከብ ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሸክማ ባሪ ስትገባ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ታይቷል። አብዛኞቹ ወዲያው እንዲመለሱ ተደረገ። ከተመለሱት አንዱ የሰፊዋ ወንድም ነበር። በኋላ ተመልሶ ሄዶ እዚያው ቀርቷል።

የመንግሥት ፋብሪካዎች ተዘጉ። የኢጣሊያ ወታደሮች እስከ 1993 ድረስ በዱረስ በኩል የእርዳታ ምግብ ያከፋፍሉ ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ፈት የሆነችው፣ መርፌ መያዝ የምታውቀው፣ ኢጣሊያንኛ የምትሰማው፣ ደመወዟ ዝቅተኛ የሆነው የአልባኒያ ሴት በኢጣሊያ ጫማና ልብስ ነጋዴዎች ዓይን ውስጥ ገባች። በባዶው አዳራሽ ውስጥ መኪና አምጥተው ተከሉ። ፋሶን የተጀመረው እንዲህ ነው።

ስለ 1997 ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። ገንዘብ አስቀማጭ ነን የሚሉ ድርጅቶች በየከተማው ተከፍተው በወር ስምንት በመቶ፣ ቆይቶም ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ወለድ እንከፍላለን አሉ። ነገሩ ከኛ ዕቁብ ጋር አንድ አይደለም። በዕቁብ ሁሉም የሚወስደው የከፈለውን ያህል ነው፤ በእነዚህ ድርጅቶች ግን ለቀደመው የሚከፈለው ኋላ የመጣው ካስቀመጠው ላይ ነበር። የገጠር ሰው ከብቱን ነድቶ ወደ ከተማ እያመጣ ሸጠ፤ ቤቱን የሸጠም ብዙ ነው። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ያህል ገንዘቡን አስገብቶ ነበር ይባላል። ከድርጅቶቹ አንዱን ትመራ የነበረችው ቀድሞ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረች ሴት መሆኗ ሰፊዋን እስከ ዛሬ ያስገርማቸዋል። በ1997 መጀመሪያ ሁሉም ተራ በተራ ሲወድቁ ሕዝቡ የጦር መሣሪያ መጋዘን ሰበረ፤ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ሰፊዋ ያስገቡት የላማቸውን ዋጋና የሁለት ዓመት ቁጠባቸውን ነበር።

«ባሌ ላሟን አልሸጥም ብሎ ነበር፤ እንሽጥ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። አስተርጓሚዬ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔም ሌላ አልጠየቅኋቸውም።

እንግዲህ ወደ ንግዱ እንመለስ። አልባኒያ ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ጨርቃ ጨርቅና ጫማ ለብዙ ዓመታት ሲሶ ያህሉን ሲይዝ ኖሯል። ወደ ውጭ ከሚላከው ዕቃ ሁሉ ከአርባ በመቶ በላይ የሚገዛትም አንድ አገር ኢጣሊያ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በ2006 የተፈረመውና በ2009 በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ለዚህ ንግድ በሩን ይበልጥ ከፍቶለታል። ነገር ግን በቁጥሩ መታለል አይገባም። አንድ ጥንድ ጫማ ወደ ውጭ ተላከ ተብሎ ሲመዘገብ ከዋጋው ውስጥ ብዙው ቀድሞ የገባው የቆዳው ዋጋ ነው። አገር ውስጥ የሚቀረው ደመወዙ፣ የመብራቱ ሒሳብ፣ የአዳራሹ ኪራይና ቀረጡ ነው። ከውጭ የሚገባው ዕቃ በዋጋ ከሚወጣው ሁለት እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ውጭ አገር የሚኖሩት ልጆች የሚልኩትና ቱሪስት የሚያመጣው ገንዘብ ነው።

አሁን ደግሞ ያልታሰበ ነገር ደርሶባቸዋል። የአገራቸው ገንዘብ ጠነከረ። በ2020 አንድ ዩሮ ወደ 124 ሌክ ይመነዘር ነበር፤ በ2024 ከ100 ሌክ በታች ወረደ። የውጭ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ይህ መልካም ነው። ለፋሶን ግን እንደ ድርቅ ነው። የቤት እመቤት የሆነች ሁሉ ሒሳቡ አይጠፋትም። ፋብሪካው ከኢጣሊያው ደንበኛ ለሥራው 100 ዩሮ ቢቀበል፣ ቀድሞ ከ12,000 ሌክ በላይ ይሆንለት የነበረው አሁን 10,000 እንኳ አይሞላም። ደመወዝ የሚከፍለው ግን በሌክ ነው፤ በ2023 የወር ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 40,000 ሌክ ከፍ ብሏል። በዚህ ምክንያት በ2023ና በ2024 ፋብሪካዎች ተዘግተዋል፣ ብዙ ሴቶችም ከሥራ ወጥተዋል። ገንዘቡን ያጠነከረው ከምክንያቶቹ አንዱ የቱሪስቱ መብዛት ነው። በ2023 ከአሥር ሚልዮን በላይ የውጭ ሰው ድንበሯን አቋርጦ ገብቷል። አገሪቱ በባሕር ዳርቻዋ ስትጠቀም በመርፌዋ ትጎዳለች ማለት ነው።

በሰፊዋ ረድፍ ከነበሩት አሥራ ሁለት መኪናዎች አራቱ ጨርቅ ለብሰው አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ስለ ጠፋ ነው አሉ። ሰፊዋ ግን ትእዛዝ ስለ ቀነሰ ነው አሉ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ፋሶን በጫማ ብቻ አያበቃም። በሰሜን በኩል ባሉ ፋብሪካዎች ከሌላ አገር የመጣ ትናንሽ ዓሣ አጥንቱ በሴቶች እጅ እየተለቀመ በዘይት ታሽጎ ወደ ኢጣሊያ ይሄዳል። በቲራና ሕንፃዎች ውስጥ ደግሞ ወጣቶች የኢጣሊያ ደንበኞችን ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲመልሱ ይውላሉ። አስተርጓሚዬ ራስዋ አንድ ዓመት ሠርታበታለች። «ስሜን በኢጣሊያንኛ ስም ለውጬ ነበር የምመልሰው» አለችኝ።

ከምድሯ የሚወጣውን በተመለከተ፣ ነዳጁና ክሮሙ አሁንም ይላካል። ክሮሙ በሚወጣበት በቡልቺዛ ተራራ ላይ ከማዕድኑ ጉድጓድ የተጣለውን ድንጋይ እየፈተሹ ቁርጥራጭ የሚለቅሙ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ሴቶችና ልጆች እንደሚገኙ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ኤሌክትሪኩ እንደ አገራችን ሁሉ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚገኝ ሲሆን ዋናው ምንጩ በሰሜን የሚፈሰው የድሪን ወንዝ ነው። ዝናብ ሲበዛ ለጎረቤት ይሸጣሉ፤ ሲጠፋ ይገዛሉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ግን ቅጠል ነው። ከሽኮድራ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮፕሊክ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ድንጋያማ መሬት ግራጫ መሳይ አረንጓዴ ቅጠል ባለው ቁጥቋጦ ተሸፍኗል። በአገሬው ቋንቋ «ሸረበላ» ይባላል። ከጦስኝና ከበሶብላ ወገን የሆነ፣ ሽታው ከሩቅ የሚያውድ ቅጠል ነው። ሥጋ ይቀመምበታል፤ ጉሮሮ ሲያም ይፈላና ይጠጣል። አልባኒያ ይህን ቅጠል ለዓለም ገበያ ከሚያቀርቡት ዋነኞቹ አንዷ ስትሆን አሜሪካ ከውጭ ከምታስገባው አብዛኛው ከዚህ የሚሄድ ነው። ቀድሞ ሴቶች ከተራራ ይለቅሙት ነበር፤ በኋላ ግን በእርሻ ማሳ መትከል ተስፋፋ። አንዲት እናት ከቤታቸው ጣሪያ ሥር በጥላ ያሰጡትን አሳዩኝ። በፀሐይ ከደረቀ ሽታው ይጠፋል፤ ዋጋውም ይወድቃል አሉኝ። ጦስኝ በቤቷ ያደረቀች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። የቅጠሉ መሬት የራሳቸው ነው፤ ዘሩም፣ ሥራውም፣ እውቀቱም የራሳቸው ነው። የዋጋው ነገር ግን ያው ነው። ሰብሳቢ ነጋዴ ሲመጣ የነገራቸውን ይቀበላሉ፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ዋጋው ወርዶ ነበር። ያም ሆኖ ቅጠሉን እያገላበጡ ሲያሳዩኝ በፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ በጫማው አዳራሽ ውስጥ አላየሁትም።

በመጨረሻው ቀን ማታ ሰፊዋ ቤታቸው ጋበዙን። በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። ባለቤታቸው በጀርባ ሕመም ምክንያት ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ታላቁ ልጅ ግሪክ አገር በግንባታ ሥራ ላይ ነው። ታናሽዋ የሃያ ሁለት ዓመት ልጃቸው ነርስነት ተምራ ጨርሳለች፤ ጠረጴዛው ላይ ግን የተዘረጋው መጽሐፍ የጀርመንኛ ሰዋስው ነበር። የአልባኒያ ነርሶችና ሐኪሞች ወደ ጀርመን መሄድ እዚህ የሁሉም ቤት ወሬ ነው። የቋንቋው ትምህርት የሚከፈለው ከእናትየው የጫማ ደመወዝ ነው።

እነሆ እዚህ ላይ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። በ1989 የዚህች አገር ሕዝብ 3.2 ሚልዮን ያህል ነበር። በ2011 2.8 ሚልዮን ሆነ፤ በ2023 ደግሞ 2.4 ሚልዮን። እናት ኢጣሊያ ለሚጫማው ሰው ትሰፋለች፤ በዚያው ገንዘብ ልጅዋን ጀርመን ለሚታመመው ሰው ታስተምራለች። ልጅቱ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ስጠይቃት እናትዋን አየች። «እዚህ የሚከፈለኝን ታውቂያለሽ?» ስትል መለሰችልኝ። እናትየው ምንም አላሉም፤ ተነሥተው ሳህን ሰበሰቡ።

የጡረታውን ነገር ያነሡልኝ ከእራት በኋላ ነው። በመጀመሪያ ከሠሩባቸው የግል ፋብሪካዎች በአንዱ ሙሉ ቀን እየሠሩ ለመንግሥት የተመዘገበላቸው ግማሽ ቀን ነበር፤ ለሁለት ዓመት ደግሞ ጨርሶ አልተመዘገቡም። ያን ጊዜ ሥራ በማግኘታቸው ብቻ ደስ ብሏቸው ስለ ነበር አልጠየቁም። አሁን ዓመቱን ሲቆጥሩት ይጎድላል። ያ ፋብሪካም ባለቤቱም ዛሬ የሉም። ጉድለቱን ለመሙላት በዚያው መኪና ላይ ተጨማሪ ዓመታት መቀመጥ አለባቸው፤ ዓይናቸው ግን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት እያቃተው ሄዷል። በ2021 በተሰየመው የአገሪቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ ሴቶቹ ከወንዶቹ እንደሚበዙ አስተርጓሚዬ በኩራት ስትነግረኝ ሰፊዋ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «መልካም ነው፤ አንዷ የኔን ወረቀት ብታይልኝ» አሉ።

ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ ስለ ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ነገርኳቸው። በ2016 መከፈቱን፣ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች እዚያ ልብስ እንደሚሰፉ፣ የጨርቁ ብዙው ከውጭ እንደሚመጣ፣ ልብሱም ወደ አሜሪካ ይሄድ እንደ ነበር፣ በጥር 2022 ግን አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የምታስገባበትን ዕድል ስላቆመችብን ትእዛዝ መቀነሱን፣ ሥራ ያጡ መኖራቸውን። አስተርጓሚዬ እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቁም። «ፋሶን!» አሉ፣ ጭናቸውን መታ አድርገው። «የት ያድራሉ? ቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?» ሲሉ አከታትለው ጠየቁኝ። ከሁለት ከሦስት ሆነው አንድ ክፍል እንደሚከራዩ ነገርኳቸው። «እኛ ቢያንስ ከእናታችን ቤት ነበር የምንሄደው» አሉ።

ልንሰናበት ስንነሣ ሰፊዋ ጫማዬን ከበሩ አጠገብ አነሡት። በአልባኒያ እንግዳ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ማውለቅ የተለመደ ነው። ከመርካቶ የገዛሁት፣ እዚያው አዲስ አበባ የተሠራ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ገለበጡት፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ተከትለው ዳሰሱት፤ ገበሩን ገልጠው አዩት። «ቆዳው ጥሩ ነው። ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው። ክሩ ግን ቀጭን ነው፤ እዚህ ጋ ይበጠስብሻል» ብለው በተረከዙ በኩል ያለውን ቦታ አሳዩኝ።

«ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የገዛሁበትን ዋጋ ወደ ሌክ መንዝሬ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱን አይደለም ልጄ፤ ለሰፋችው የተከፈላትን ነው የጠየቅሁሽ» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ጫማውን ከእጃቸው ተቀብዬ አጠለቅሁት። ወደ ታች ስንወርድ ከወደቡ በኩል ወደ ባሪ የሚነሣው የማታ መርከብ ሲጮህ ይሰማ ነበር።